ዘጠናው እጅ የት ገባ?

በተቋማችን የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የሙከራ ሪፖርት ሲታረም ከሁሉ በፊት የሚታየው አንድ ቁጥር ነው። እርሱም «የምርት መቶኛ» የሚባለው ነው። በስሌት ሊገኝ ይገባው ከነበረው ውስጥ በእጃችን የገባው ስንት እጅ ነው? ዘጠና ያመጣ ቡድን ይመሰገናል፤ ስድሳ ያመጣ ቡድን «ምን አፍስሳችሁ ነው?» ይባላል። ይህ ቁጥር መጠየቁን አንቃወምም። ጥንቃቄ ያስተምራል፤ ማጣሪያ ወረቀቱ እንዳይቀደድ፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ፣ ቱቦው አየር እንዳያስገባ ዐይናችንን ይከፍታል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲቆም የሚነግረን ስለ እጃችን እንጂ ስለ ኬሚካዊ ለውጡ አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። ኦክስጅን ለማዘጋጀት ፖታሲየም ፐርማንጋኔትን በቴስት ቲዩብ እናሞቃለን። ሐምራዊው ፍሬ ይንጣጣል፤ ጋዙ በቱቦ ተጉዞ ውኃውን እየገፋ ጠርሙሱን ይሞላል፤ ጫፉ የፋመ ስንጥር ሲገባበት ቦግ ብሎ ይነዳል። ደስ የሚል ሙከራ ነው። አሁን አንድ ቡድን አንዲት አረፋ እንኳ ሳታመልጠው ጋዙን በሙሉ ሰበሰበ እንበል። የምርት መቶኛው መቶ ነው። መቶ ተብሎ ይጻፋል፤ ይጨበጨባል። እስቲ ግን ቴስት ቲዩቡን እንየው! ከሞላ ጎደል እንደ ገባው ሆኖ ነው የተቀመጠው። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ከታች ተጋግሯል። ይህ ጥቁር ነገር በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ከየት መጣ? በገንዘብ ከተገዛው ኬሚካል ነዋ!

ስሌቱ ቀላል ነው። በተመጣጠነው ቀመር መሠረት ሁለት ሞል ፐርማንጋኔት አንድ ሞል ኦክስጅን ይሰጣል። የፖታሲየም 39፣ የማንጋኒዝ 55፣ የአራቱ ኦክስጅን አቶሞች 64፣ ድምሩ 158 ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን 316። የሚወጣው ኦክስጅን 32 ነው። 32 ለ316 ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ 10.1 ይመጣል። እንግዲህ እጃችን ምንም ያህል ቢሠለጥን ከ100 ግራም ፐርማንጋኔት የምናገኘው ኦክስጅን ከ10 ግራም እምብዛም አይዘልም። ዘጠናው እጅ ፖታሲየም ማንጋኔትና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከቲዩቡ ሥር ይቀራል። ይህን ደግሞ ጥንቃቄ አያድነውም፤ ገና ከመጀመሪያው በቀመሩ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነውና።

ይህ ሁለተኛው ቁጥር «የአቶም ቁጠባ» ይባላል። የምንፈልገውን ውጤት ክብደት በቀመሩ መሠረት ለገቡት ነገሮች ሁሉ ጠቅላላ ክብደት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሐሳቡን በዚህ ስም ያቀረቡት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የሆኑት ባሪ ትሮስት ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። እኛን የገረመን መዘግየቱ ነው። ላቮአዚዬ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ እንደማይጠፋ በመጽሐፉ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1789 ዓ.ም. ነበር። «ቁስ አይጠፋም» እየተባለ ሁለት መቶ ዓመት ተኖረ፤ «ካልጠፋስ፣ የማንፈልገው ወዴት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ይህን ስምና ይህን ስሌት ይዞ የመጣው ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ኦክስጅናችን እንመለስ፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1774 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይህን ጋዝ ያገኘው የፀሐይን ጨረር በትልቅ ሌንስ ሰብስቦ ቀይ የሜርኩሪ ኦክሳይድ በማሞቅ ነበር። ሥራው በታሪክ ሲወሳ ይኖራል። በአቶም ቁጠባ ዐይን ሲታይ ግን ከ433 ክፍል 32 ብቻ፣ ማለትም 7.4 በመቶ ነው፤ የቀረው በሙሉ ሜርኩሪ ነው፣ መርዝ! ዛሬ በተማሪ ፊት ይህ ይሠራ የሚል መምህር ይኖራል ብለን አናስብም። ሁለተኛው መንገድ ፖታሲየም ክሎሬትን ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጋር ማሞቅ ነው። ከ245 ክፍል 96 ኦክስጅን ይወጣል፤ 39.2 በመቶ። ከፐርማንጋኔት አራት እጥፍ የሚጠጋ ብልጫ አለው። ነገር ግን ክሎሬት ከከሰል ብናኝ ወይም ከድኝ ጋር ሳይታወቅ ተቀላቅሎ ቢሞቅ ይፈነዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ቢያምርም እኛ ለትምህርት ቤት አንመርጠውም።

ሦስተኛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። 68 ክፍል ገብቶ 32 ኦክስጅን ይሰጣል፤ 47.1 በመቶ። የቀረውስ? ውኃ! ንጹሕ ውኃ፣ ሌላ ምንም የለም። እሳት አያስፈልገው፣ ጋዝ ምድጃ አያስፈልገው። በየፋርማሲው ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ 100 ሚሊ ሊትሩ 1 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ በርከት ያሉ ቴስት ቲዩቦችን ለመሙላት ይበቃል። እንዲፈጥን የሚያደርገው ካታሊስት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ እርሱም ካለቀ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ በሚገኘው ጥቁር ዱቄት ውስጥ አለ። (ተራውን የዚንክና የከሰል ድንጋይ ማለታችን ነው፤ «አልካላይን» ተብሎ የተጻፈበትን ማንም እንዳይከፍት፣ ውስጡ ያለው ቆዳ የሚበላ አልካሊ ነው።) ድንጋይም ቢጠፋ አንድ ቁራጭ ጥሬ ድንች ወይም ጥቂት እርሾ ይሠራል። ካታሊስት በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ እንደ ገባ ይወጣልና።

ሃይድሮጅን ላይ ስንደርስ ግን ያስደነግጣል። ዚንክ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ጣል ማድረግን የማያውቅ የለም። ዚንኩ 65.4፣ አሲዱ 73፣ ድምሩ 138.4። የሚገኘው ሃይድሮጅን 2 ነው። 1.4 በመቶ! ከመቶው ዘጠና ስምንት እጅ የሚበልጠው ዚንክ ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል፤ የት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ ወደ መታጠቢያ ገንዳው ነው። ለአንዲት «ጧ!» ለምትል ድምፅ! በአንጻሩ ውኃን በኤሌክትሪክ ብንበታትን 36 ክፍል ውኃ 4 ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ 11.1 በመቶ። ኦክስጅኑንም በሌላ ቲዩብ ሰብስበን ብንጠቀምበት ቁጥሩ መቶ ይሆናል። የሚያስፈልገው ጥቂት የባትሪ ድንጋዮች፣ ሁለት የእርሳስ እንጨቶች ከነውስጣቸው፣ በውኃው ላይ ቆንጠር ተደርጎ የሚጨመር የመጋገሪያ ሶዳ ነው። (የምግብ ጨው አይጨመር፤ ክሎሪን ይመጣል።) እውነት ነው፣ ቀስ ይላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ቢፈጅስ? ሲጠብቁ የሚነገር ነገር አለ፤ ያውም ጋዞቹ ሁለት ለአንድ ሆነው ሲሞሉ ተማሪው በዐይኑ ያያል።

«ይህ ሁሉ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው፣ በግራም የሚለካ ነገር» የሚል ሊኖር ይችላል። እንግዲያስ ወደ ፋብሪካ እንሂድ። ለጥርስ ሕመምና ለራስ ምታት ከፋርማሲ የምንገዛው አይቡፕሮፌን በእንግሊዙ ቡትስ ኩባንያ ውስጥ ስቱዋርት አዳምስና ባልደረቦቻቸው ያገኙት መድኃኒት ነው፤ በአገራቸው በሐኪም ትእዛዝ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው መድኃኒቱን የሚሠራበት የቀድሞው መንገድ ስድስት ደረጃ ነበረው። በስድስቱ ደረጃዎች በየተራ የሚገቡት ነገሮች ሞለኪውላዊ ክብደት ሲደመር 514.5 ነው፤ የአይቡፕሮፌን 206 ነው። 40 በመቶ። ይህም ማለት ሠራተኛው አንዲት ጠብታ ሳያፈስ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በመቶ በመቶ ቢሳካ እንኳ፣ 100 ኪሎ መድኃኒት ለማውጣት 250 ኪሎ ያህል ይገባል፤ 150 ኪሎው ማንም የማይውጠው፣ ማንም የማይገዛው ነገር ሆኖ ይወጣል።

በኋላ መንገዱ ተለወጠ። ቡትስ ከሄክስት ሴላኒዝ ጋር ሆኖ ባለ ሦስት ደረጃ ዘዴ አወጣ፤ በዚህ ዘዴ የሚሠራው ፋብሪካ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ቢሾፕ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሚገቡትን እንቁጠር፦ ኢሶቡታይልቤንዚን 134፣ አሴቲክ አንሃይድራይድ 102፣ ሃይድሮጅን 2፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 28። ድምሩ 266። የሚወጣው 206 አይቡፕሮፌንና 60 አሴቲክ አሲድ ነው፣ ያው የሆምጣጤው አሲድ። ስለዚህ 77.4 በመቶ ነው፤ አሴቲክ አሲዱም ተለይቶ ለሌላ ሥራ ሲውል ወደ መቶ ይጠጋል። ያው መድኃኒት ነው! ያው ሞለኪውል፣ ያው እንክብል። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ በአሜሪካ ለአረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚሰጠው ፕሬዚዳንታዊ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ተሰጥቶታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በቀድሞው ስድስት ደረጃ ውስጥ የሚሠሩት ኬሚስቶች ሰነፎች አልነበሩም። የምርት መቶኛቸውን ከፍ ለማድረግ ሌት ተቀን ይደክሙ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ግን ከፍ ማለት የሚችለው ቁጥር የተሳሳተው ቁጥር ነበር። ስድስቱን ደረጃ ምንም ያህል ቢያጠሩት አርባውን አያልፉትም። መንገዱን መተው ነበረባቸው። ይህን ሊነግራቸው የሚችለው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ለዚያውም ገና እሳት ሳይለኮስ፣ በእርሳስና በወረቀት። የምርት መቶኛ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ወቀሳ ነው፤ የአቶም ቁጠባ ሥራው ሳይጀመር የሚሰጥ ምክር ነው። የመምህር ሥራስ የትኛው ነው?

አሁን ደግሞ የራሳችንን ክርክር እንፈትሽ፤ መምህራኖቻችን ይህን ጥያቄ እንደሚያነሱ እናውቃለንና። የአቶም ቁጠባ ሁሉን ነገር አያይም። የሟሟበትን ፈሳሽ አይቆጥርም፤ የነደደውን ጋዝና የፈጀውን ኤሌክትሪክ አይቆጥርም፤ ከሚገባው በላይ የተጨመረውን አሲድ አይቆጥርም። ተረፈ ምርቱ ውኃ ይሁን ሜርኩሪ ለእርሱ ግድ የለውም፤ ሁለቱንም በክብደታቸው ብቻ ነው የሚያውቃቸው። የክሎሬቱን ነገር ከላይ አይተናል። በአዲሱ የአይቡፕሮፌን ዘዴ ውስጥም ካታሊስት ሆኖ የሚሠራው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ እየተመለሰ ደጋግሞ ይሠራል እንጂ ሰውነት ላይ ቢፈስ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ነገር ነው። በመቶኛው ውስጥ ይህ የለም። ለዚህም ነው ሮጀር ሼልደን የተባሉ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ሌላ መለኪያ ያቀረቡት፦ ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ? እርሳቸው ባወጡት ሠንጠረዥ የነዳጅ ማጣሪያ ከ0.1 ኪሎ በታች ያወጣል፤ በብዛት የሚመረቱ ኬሚካሎች ከ1 እስከ 5፤ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ግን ከ25 እስከ 100፣ ከዚያም በላይ። ለሕመምተኛ የሚሠራው ከሁሉ የበለጠ ቆሻሻ የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ! ምክንያቱ ደረጃው መብዛቱ፣ ማሟሚያውም እንዲሁ መብዛቱ ነው።

ስለዚህ የምርት መቶኛ ይውጣ፣ የአቶም ቁጠባ ይግባ አላልንም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይጻፉ ነው የምንለው። እንዲያውም ቢባዙ ይበልጥ ይናገራሉ። ፐርማንጋኔቱን አሙቆ 80 በመቶ ምርት ያገኘ ቡድን 10.1ን በ80 በመቶ ያባዛ፤ 8.1 ይመጣለታል። ከመቶ ግራም ስምንት ግራም። ፐርኦክሳይድ ተጠቅሞ ያው 80 ያገኘ ቡድን ደግሞ 37.7 ይመጣለታል። በአሁኑ አስተራረም ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነጥብ ነው የሚያገኙት።

አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይቀራል። «የምንፈልገው ውጤት» ያልነው ማን የፈለገው ነው? ቀመሩ ስለ ፍላጎታችን አያውቅም። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነውን ዩሪያ እንመልከት። አሞኒያ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ሲሠራ ሁለቱም ተጣምረው ሌላ ምንም አይወጣም፤ የአቶም ቁጠባው መቶ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!» ይላል። ግን ሃይድሮጅኑ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሜቴን 16፣ ውኃ 36፣ ድምሩ 52፤ ሃይድሮጅኑ 8። 15.4 በመቶ! 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስንሄድ መቶው ዐሥራ አምስት ሆነ። አሁን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንሂድ፦ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 34 እና 44፣ ድምሩ 78፤ ከዚህ 60ው ዩሪያ፣ 18ቱ ውኃ ነው፤ 76.9 በመቶ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንድ ግቢ ሲሆኑ፣ ሃይድሮጅን ሲመረት የወጣው ጋዝ ተይዞ ለዩሪያው ግብዓት ይሆናል። እዚያ ተረፈ ምርት የተባለው እዚህ ጥሬ ዕቃ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚቆጠር የሚወስነው ሰው ነው።

ይህን ለመረዳት ደግሞ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደግን ብዙ ነን። ጋኑ ውስጥ ስኳሩ አልኮል ሲሆን ከ180 ክፍል 92ቱ አልኮል፣ 88ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 51.1 በመቶ። ግማሹ አረፋ ሆኖ በጋኑ አፍ ይወጣል ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን በቁጥር አላሰሉትም። አተላው ግን (አተላው እንኳ በቀመሩ ውስጥ የለም፣ የእህሉ ተረፈ ነው) ሲደፋ አይተን አናውቅም፤ ላሟ ትጠብቀዋለች። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ የሚፈለገው ጋዙ ነው፤ እንጀራ ዐይን የሚያወጣው በእርሱ ነው። በአንዱ ዕቃ የባከነው ጋዝ በሌላው ዕቃ የሚፈለገው ነው። ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ሰልጣኝ ጓደኞቻችን የሚሉትን እንሰማለን። «በሥርዓተ ትምህርቱ የለም» ይላሉ። ስሙ ላይኖር ይችላል፤ ስሌቱ ግን ቀመር ማመጣጠን፣ ክብደት መደመር፣ ማካፈል ነው። ሦስቱም አሉ። እንዲያውም ተማሪው ቀመር የሚያመጣጥንበት ምክንያት ያገኛል። ዛሬ ብዙው ተማሪ ቀመር የሚያመጣጥነው ቁጥሮቹ በሁለቱ ወገን እኩል ይሁኑልኝ ብሎ ብቻ ነው፤ ካመጣጠነ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት አይነገረውም። «የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ከሌለውስ?» ይላሉ ሌሎች። እኛ ደግሞ ይህ ነው ዋናው ምክንያታችን እንላለን! ላቦራቶሪ ሞልቶ የተረፈው ትምህርት ቤት ዚንክ ሲያልቅበት ሌላ ዚንክ ያዝዛል። እኛ የምንመደበው ግን አንዲት የፐርማንጋኔት ጠርሙስ በቁልፍ ተይዛ ዓመታት የምትቆይበት፣ ርእሰ መምህሩ «ለኢንስፔክሽን ትቆይ» የሚሉበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ከእኛ መካከል ስምንት ዓመት ተምረው አንድም ሙከራ በዐይናቸው ሳያዩ ወደ ዘጠነኛ ያለፉ አሉ። ኬሚካል አልነበረም ማለት አይደለም። በመስተዋቱ በኩል ይታይ ነበር። መምህሩ ግን ሙከራውን የሚያውቁት በመጽሐፉ በተጻፈው መንገድ ብቻ ስለ ነበር፣ ያ መንገድ ደግሞ ያቺን ጠርሙስ በአንድ ቀን የሚጨርስ ስለ ነበር፣ ሳትነካ ቀረች። ስድሳ ልጆች ሳያዩ አለፉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ስድሳ። ያ መምህር ከ30 ግራም ፐርማንጋኔት ሦስት ግራም ኦክስጅን ብቻ እንደሚወጣ፣ ከፋርማሲው ጠርሙስ ግን በርካሽ ኦክስጅን እንደሚገኝ በወረቀት አስልተው ቢሆን ኖሮ የሚያደርጉት ሌላ በሆነ ነበር።

«ታዲያ ፐርማንጋኔት ጨርሶ ይቅር ወይ?» ለሚሉን፣ አይቅር። የሙቀትን ኃይል ያሳያል፤ ጥሩ ትምህርት አለበት። ግን ጥቁሩ ነገር አይደፋ። ውኃ ሲጨመርበት አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል፤ ያ ፖታሲየም ማንጋኔቱ ነው፤ ለተማሪ የሚታይ ሌላ ትዕይንት ነው። አረንጓዴው ታጥቦ ሲያልቅ በማጣሪያው ላይ የሚቀረው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ይደርቅ፣ በጠርሙስ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለፐርኦክሳይዱ ካታሊስት ይሆናል። የዚንክ ክሎራይዱም እንዲሁ። አሲዱ በዚንክ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ከተጠበቀ በኋላ የማጠቢያ ሶዳ ውኃ ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ተጣርቶ ደርቆ ሲሞቅ ዚንክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ሲግል ቢጫ፣ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ልጆችን ያስደንቃል። አንድ ጊዜ የተገዛው ዚንክ ሁለት ትምህርት አስተማረ ማለት ነው።

መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ከምርት መቶኛው ቀጥሎ ሁለት መስመር ይጨመርልን፤ አንዱ «የአቶም ቁጠባ»፣ ሁለተኛው «ተረፈው የት ገባ?» የሚል። ከዐሥሩ ነጥብ ሦስቱ ለእነዚህ ይሁን። የማስተማር ልምምድ ስንወጣም የትምህርት ዕቅዳችን ሲገመገም ለምን ይህን ኬሚካል መረጥህ፣ ለምን መረጥሽ ተብለን እንጠየቅ። ሥራ ይጨምራል የሚባል ከሆነ፣ የሪፖርቱን መግቢያ ያሳጥሩልን፤ ያንን እንኳ ሁላችንም ከአንድ ደብተር ነው የምንገለብጠው።

ለቅምሻ ያህል አንድ ስሌት ለአንባቢ እንተዋለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማዘጋጀት የኖራ ድንጋይ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ይደረጋል፤ ወይም የመጋገሪያ ሶዳ በሆምጣጤ ላይ ይደረጋል፤ ወይም የኖራ ድንጋዩ ያለ አሲድ በኃይለኛ እሳት ይቃጠላል። የሦስቱን የአቶም ቁጠባ አስልቶ የትኛውን ለክፍሉ እንደሚመርጥና ለምን እንደ መረጠ የጻፈ ሰልጣኝ ወረቀቱን ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ይለጥፍ። ከሐሳባችን የማይስማማም እንደዚሁ፤ ከመምህራን የሚመጣ መልስ ደግሞ ከላይ በኩል ቦታ ይለቀቅለታል። ለጥቁሩ ዱቄት የሚሆን፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ ከመጪው ረቡዕ ጀምሮ በላቦራቶሪው በር በስተግራ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አጥባችሁና አድርቃችሁ ጨምሩበት፣ እርጥቡን አታስገቡ።